«አቦ፣ አንተ! ይችን ያዝልኝማ»
ከአባቴ ጋር ሦስት ቀን በድሬዳዋ

ለቡ ባቡር ጣቢያ የደረስነው ገና ሳይነጋ ነበር። አባቴ በአንድ እጁ ክንዴን፣ በሌላው የስድስት ዓመት ልጄን እጅ ይዟል። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ለአራተኛ ጊዜ «ወዴት ነው የምንሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ድሬዳዋ ነው አባዬ።»

«ድሬ!» ፊቱ በራ። «ታዲያ አስቀድማችሁ አትነግሩኝም? የሥራ ልብሴን አመጣ ነበር።»

አባቴ 74 ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል፣ እነሱ «አትሊዬ» በሚሉት ግቢ ውስጥ የቶርኖ ባለሙያ ነበር። እናቴን ያገኛት እዚያው ድሬ ነው። እኔ የተወለድኩት ወደ አዲስ አበባ ከተዛወሩ በኋላ ስለሆነ ድሬን የማውቃት በልጅነቴ በአሮጌው ባቡር አንድ ጊዜ ሄጄ ባየሁት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በቤታችን ወሬ ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪም አባቴ አልዛይመር እንደያዘው ነገረን። ጉዞውን ያሰብኩትም «ድሬን ጨርሶ ሳይረሳት አንድ ጊዜ ያያት» ብዬ ነው። ለእሱ የምሰጠው የመጨረሻ ስጦታ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

የተደበቀው ሳጥን

እውነቱን ልናገር። በእነዚያ ሦስት ዓመታት እኔና ወንድሜ ከአባቴ ላይ ነገሮችን አንድ በአንድ ስንወስድ ነበር። መጀመሪያ የመኪናውን ቁልፍ ወሰድን። ቀጥሎ ገበያ መሄዱ ቀረ። ዕድሩም ለዓመታት ሲይዘው የነበረውን ገንዘብ ያዥነት በጨዋ ደንብ ለሌላ ሰው አስተላለፈ። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ምድጃውን ፈታትቶ፣ ሽቦውን ሶኬት ላይ እንደተሰካ ትቶት ደረስንበት። በዚያው ምሽት የመፍቻና የካቻቢቴ ሳጥኑን ወስጄ ቤቴ አልጋ ሥር ደበቅሁት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈለገው። ዘበኛውን ጠየቀ፣ ሠራተኛዋን ጠየቀ፣ ሌባ ገብቷል አለ። ከዚያ መጠየቁን ተወ። እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረጋጋ» ተባባልን።

በሙያዬ ማርኬቲንግ ኦፊሰር ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ ደንበኛ ቅሬታ ማሰማት ሲያቆም ደስ አለው ማለት እንዳልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሊሄድ መሆኑን እንደሚያሳይ የማስተምረው እኔ ነኝ። የገዛ አባቴን ዝምታ ግን ማንበብ አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። ውሃ ሲያምረው ውሃ ይመጣለታል። ሊነሳ ሲል «ኧረ እርስዎ ይቀመጡ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ሁሉም ያከብረዋል፣ ማንም ግን አይፈልገውም ነበር።

የባቡሩ መንገድ

አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በታህሳስ 2010 ዓ.ም. ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ባቡሩን ስንጠብቅ አባቴ ሐዲዱን ትኩር ብሎ አየና «ይሄ አንድ ሜትር አይደለም፣ ሰፍቷል» አለ። ልጄ ሳቀች። እኔ ግን በኋላ ሳጣራ ልክ ነበር። አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፣ አዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠዋት ቁርስ መብላቱን የማያስታውስ ሰው የሐዲዱን ስፋት በዓይኑ ለካ።

ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን አለፍን። ከአዳማ በኋላ አየሩም መሬቱም ይለወጣል። ግራሩ ያጥራል፣ ግመሎች ብቅ ይላሉ። መተሐራ አጠገብ የፈንታሌ ተራራና የበሰቃ ሐይቅ ይታያሉ። የሐይቁ ውሃ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገድና እርሻ ያስቸገረ ሐይቅ ነው። አዋሽ ስንደርስ አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። «ቡፌ ዳዋሽ! ውረዱ እንጂ፣ ምሳ እዚህ ነው የሚበላው!» በአሮጌው ባቡር ዘመን መንገደኛ ወርዶ የሚበላበት ዝነኛ ሆቴል ነበር። አዲሱ ባቡር እዚያ ለምሳ አይቆምም። በፌስታል የያዝነውን ዳቦ በእንቁላል አወጣሁ። ቅር ብሎት ተቀመጠ።

በመንገድ ላይ ለልጄ የድሬን ታሪክ ነገርኳት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ተራራውን መውጣት ግን ከባድና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር፣ ሜዳው ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1902 ማብቂያ ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። አዲስ ሐረርም ትባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ድሬ የባቡር ልጅ ናት የሚባለው በምክንያት ነው።

«አንቱ» የሌለበት አገር

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ከባቡሩ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። አንድ ባጃጅ ጠራሁ። ሾፌሩ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ዕቃችንን ሲጭን ወደ አባቴ ዞሮ፣ «አቦ፣ አንተ! ይችን ሻንጣ ያዝልኝማ» አለው።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ደነገጥኩ። አንደኛ፣ የአዲስ አበባ ልጅ የአባቱን እኩያ «አንተ» አይልም። ሁለተኛ፣ ሻንጣውን ልቀበል እጄን ስዘረጋ አባቴ ቀድሞኝ ይዞታል። ወገቡ ቀና ብሏል። ሻንጣውን በሁለት እጁ እንደ አደራ ዕቃ ጭኑ ላይ አድርጎ ተጓዘ።

ድሬና ሐረርን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። እዚያ «አንቱ» ብዙም አይሰማም። ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ሀብታሙም ድሃውም «አንተ» ነው። ንቀት አይደለም፣ ቅርበት ነው። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ አሰብኩት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አባቴን «ያዝልኝ» ያለው ሰው ይህ ልጅ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚራና አትሊዬው

በማግስቱ ጠዋት ከዚራ ወጣን። ከዚራ የድሬ አሮጌው፣ በፕላን የተሠራው ሰፈር ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የጋረደው። ጧት በእግር ለመንሸራሸር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም። ፉል በትኩስ ዳቦ፣ ሳምቡሳ፣ ሻይ በወተት። ሰው ሁሉ ሰላም ይላል። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀላቀሉ ልጄ ጆሮዋን ቀስራ ታዳምጥ ነበር።

አሮጌው የባቡር ጣቢያ ከዚያው ነው። ግቢው ውስጥ የቆሙ አሮጌ ፉርጎዎችና የጥገና ክፍሉ አሉ። ፈቃድ ጠይቀን ገባን። አትሊዬው ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። የግራሶና የብረት ሽታ አሁንም አልለቀቀውም። አባቴ ከአንድ ትልቅ የቶርኖ ማሽን ፊት ቆመ። እጁን ብረቱ ላይ አሳርፎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ለልጄ ማስረዳት ጀመረ፤ ብረቱ የት እንደሚታሰር፣ ቢላዋው ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን መቸኮል እንደማይገባ። አንድም ቃል አልተሳሳተም። የመንገዱን ስም ረስቷል፣ የቀኑን ስም ረስቷል፣ የማሽኑን ግን የእያንዳንዱን ክፍል ስም ጠራ።

እኔ ፎቶ ሳነሳ ነበር። ልጄን ማሽኑ አጠገብ አቁሜ፣ ብርሃኑን አስተካክዬ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ። ቀና ስል አባቴ የለም።

አርባ ደቂቃ

እንዲህ ያለውን አርባ ደቂቃ ለማንም አልመኝም። ግቢውን ዞርን፣ በር ላይ ጠየቅን። «ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ? አሁን ወጣ» አሉን። ልጄ አለቀሰች። መንገድ ላይ የቆመ የባጃጅ ሾፌር ምን ሆንሽ ብሎ ጠየቀኝና ሳልጨርስለት ለጓደኞቹ ተጣራ። አንዱ ለአንዱ እየነገረ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። በመጨረሻ አንዱ መጣና፣ «ከደቻቱ ማዶ ቀፊራ አካባቢ፣ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ምን ያስለቅስሻል አቦ፣ ሥራ ላይ ነው» አለኝ።

ሥራ ላይ ነው!

ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነ፣ ሲሞላ ግን የሚያስፈራ ወንዝ ነው። ድልድዩን ተሻግረን ስንደርስ አባቴ ዱካ ላይ ተቀምጦ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሷል። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። ሰፊው ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ወጣት ነው፣ አጠገቡ ቆሞ ካቻቢቴ ያቀብለዋል።

«አባትሽ ነው? ተይው፣ አትነካኪው» አለኝ። «ሲያልፍ ቆሞ ድምፁን ሰማና ልክ አይደለም አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ክር እየበጠሰ፣ ስፌት እየዘለለ አስቸግሮኛል። ወላሂ፣ እሱን ያመጣልኝ አላህ ነው።»

«አባቴ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። በሽታውን ልነግረው ነበር። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። አላበቃሁም።

መርፌው ተገልብጦ ነበር የገባው፤ ጠፍጣፋው ጎኑ ያለ ቦታው ዞሯል። ከሥር ደግሞ የክር ብናኝ ታጭቋል። አባቴ ብናኙን በብሩሽ ጠረገ፣ መርፌውን አዞረ፣ ሁለት ጠብታ ዘይት አደረገ፣ ጎማውን በእጁ ቀስ ብሎ አሽከረከረ። ጆሮውን አስጠጋ። ራሱን ነቀነቀ። ሰፊው በቁራጭ ጨርቅ ሞከረው፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወረደ።

አባቴ የባቡር ሰው ነው፣ ስፌት መኪና ከየት ተማረ እንዳትሉ። እናቴ ድሬ እያለች ልብስ ትሰፋ ነበር። መኪናዋን የሚጠግንላት እሱ ነበር። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰፊውን፣ «ለእሷም እንዲህ ነው የማደርግላት» አለው። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ሰፊው ማን እንደሆነች አልጠየቀም። «ነገም ና፤ የጎረቤቴም መኪና ተበላሽቷል» አለው ብቻ።

«ስንት ሰዓት?» አለ አባቴ።

ሰዓት ከጠየቀ ዓመት አልፎት ነበር።

እጅ የማይረሳው

በማግስቱ ሁሉን ረስቶታል። ሰፊው «አቦ፣ ቀረህ እኮ!» ሲለው አባቴ አላወቀውም። ግን ዱካው ላይ ተቀመጠ፣ እጁም ሥራውን አወቀ። ቀኑ ሙሉ ማር አልነበረም። ትንሿ ቡሎን ጠፋችበትና ተቆጣ፤ ልጄን «አንቺ ነሽ የወሰድሽው!» ብሎ ጮኸባት። ልጄ ከኋላዬ ተደበቀች። ሰፊው ተንበርክኮ ከመሬት ፈልጎ አገኛትና፣ «እኔም በቀን አሥር ጊዜ ነው የምትጠፋብኝ» ብሎ መዳፉ ላይ አኖረለት። ነገሩ እዚያው በረደ። ከዚያ በኋላ አባቴ ልጄን ጠርቶ ቡሎኖቹን የመያዝ ኃላፊነት ሰጣት።

ሐኪሞች ይህን ያብራሩታል። አልዛይመር ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የምንመዘግብበትን የአንጎል ክፍል ነው። በዓመታት ልምምድ እጅ የለመደው ሙያ ግን በሌሎች የአንጎል ክፍሎች ስለሚያዝ ብዙ ጊዜ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። አባቴ አልዳነም፤ በዚያው ምሽት ሆቴል ውስጥ የመታጠቢያ ቤቱን በር ማግኘት አቅቶት ነበር። ነገር ግን እራቱን ያለ ጉትጎታ በላ፣ ሌሊቱንም ሳይነሳ ተኛ።

እኛ ብቻ አይደለንም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው ያሉት። አልዛይመር ከዲሜንሺያ ዓይነቶች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ነው። እኛ «ጃጀ» ብለን የምናልፈው ነገር የዕድሜ ጣጣ ብቻ ሳይሆን በሽታ ነው።

አውስትራሊያዊቷ ኬት ስዋፈር በ49 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ዲሜንሺያ እንዳለባት ሲነገራት የተሰጣት ምክር ሥራና ትምህርቷን ትታ ቤቷ እንድትቀመጥ ነበር። እሷ ግን ትምህርቷን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ2014 አባላቱ ሁሉ ዲሜንሺያ ያለባቸው የሆኑበትን ዓለም አቀፍ ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆነች። ቶኪዮ ውስጥም ሺሮ ኦጉኒ የሚባል የቴሌቪዥን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2017 አስተናጋጆቹ ዲሜንሺያ ያለባቸው የሆኑበት ምግብ ቤት ለጥቂት ቀናት ከፍቶ ነበር። ስሙ ራሱ ትዕዛዝ ሊሳሳት እንደሚችል ይናገራል። ደንበኛው ያላዘዘው ምግብ ቢመጣለት ስቆ ይበላል። ድሬ ላይ ያ ልብስ ሰፊ ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ማንም ሳይመክረው ማድረጉ ነው።

ከታማሚ ጋር ለመጓዝ ካሰባችሁ

ከስህተቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ስሙንና የእናንተን ስልክ ቁጥር የያዘ ካርድ ኪሱ ውስጥ አድርጉ። እኔ ይህን ያደረግሁት ከጠፋ በኋላ ነው።

በየቀኑ ጧት የለበሰውን ልብስ ፎቶ አንሱ። ሰው ስትጠይቁ ይጠቅማችኋል።

ሁለት አዋቂ ሁኑ። አንዱ ዕቃና ቲኬት ሲይዝ ሌላው ዓይኑን ከእሱ ላይ አይንቀል።

ጉዞውን በጧት አድርጉ። ብዙዎቹ ሕመምተኞች ሲመሽ ይረበሻሉ። ለድሬ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሙቀቱ ይቀላል።

ውሃና መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይሁን። ከመነሳታችሁ በፊትም ሐኪሙን አማክሩ።

ከሁሉም በላይ፣ የሚይዘው ነገር ስጡት። ትንሽም ብትሆን ሻንጣ፣ ወይም የልጅ እጅ።

የዕድሩ ወንበሮች

አዲስ አበባ በተመለስን ማግስት ሳጥኑን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁት። ኤሌክትሪክ ነክ የሆነውንና ስለት ያለውን ለይቼ አስቀረሁ። መፍቻውን፣ ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውንና የዘይት ጣሳውን ትቼ ወሰድኩለት። ሳጥኑን ሲያየው «የት ነበር?» ብሎ አልጠየቀኝም። ከፈተው፣ መፍቻዎቹን በቁጥራቸው ደረደራቸው። ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ደፍሬ የጠየቅሁት ማታ ነው። «ለምኑ?» አለኝ።

ከዚያ ወደ ዕድሩ ሊቀመንበር ሄድኩ። ለዓመታት ደብቀን የያዝነውን በሽታ ስሙን ጠርቼ ነገርኳቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና፣ «ገንዘብ አንሰጠውም፤ ወንበር ግን አለን» አሉ። የዕድሩ ተጣጣፊ የብረት ወንበሮች ብዙዎቹ ቡሎናቸው የላላ ነው። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ወድቆም ያውቃል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት የሰፈሩ አንድ ወጣት ይመጣና «ጋሼ፣ ወንበሮቹ ይጠብቁዎታል» ይለዋል። አባቴ ቅዳሜ መሆኑን አያውቅም፣ ሳጥኑን ግን አንስቶ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ሃያ ወንበር ያጠብቃል፣ አንዳንድ ቀን አንዱን ወንበር አምስት ጊዜ። ወጣቱ ከኋላ ሆኖ ያያል። ልጄም ስትሄድ ቡሎን ያዥ ናት።

ባለፈው ወር ጎረቤታችን አረፉና ድንኳን ተተከለ። አባቴን ይዤ ለቅሶ ደረስኩ። ወንበር ቀረበለት። ከመቀመጡ በፊት ጀርባውን ይዞ ወዘወዘው፣ አልተነቃነቀም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ይሄን ማን ነው ያጠበቀው?» አለኝ በሹክሹክታ። «ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው።»